ሰባተኛው መሮ

"ቅዳሜ ገበያ መሮ ልትገዛ ስትወርድ፣
ከስለቱ በፊት ጆሮህን ሞርድ።"
እንዲህ ነበር ያለኝ አያ ፈረደ፣
የወይራ ፍልጥ ይዞ ቁልቁል እየሄደ።

በሁለት ጣቱ ጫፍ መሮውን አንጠልጥሎ፣
በጥፍሩ ኳ አደረገው፣ ጠበቀ ጆሮውን ጥሎ፤
"ቅል ነው" አለና መለሰው። ሁለተኛውን አነሳ፣
ድምፁ ቶሎ ሞተ፤ የቆርቆሮ ጣሳ።
ሦስተኛው ግን ዘመረ፣ እስኪርቅ፣ እስኪጠፋ፣
እንደ ቀሐ ማዶ ደወል ቆየ እየሰፋ።

"ብረት ውሸት አያውቅም፤ የሚዋሽ ቀለሙ ነው፤
የሚያብለጨልጨውን ለመስታወት ሻጭ ተወው።
ጀርባው የጎበጠ መሮ ዕድሜህን ሙሉ ብትስል፣
ድንጋይህን ይጨርሳል እንጂ እንጨት አይፈለፍል።
ከአሮጌ ኤንትሬ ባሌስትራ፣ አዘዞ የተቀጠቀጠ፣
ለዓይን አያምርም፣ ጠቁሯል፤ ግን ስንቱን የወይራ አንጓ አላመጠ!"

እኔ ግን አልሰማሁም፤ ብልጭልጭ ነበር ሃይማኖቴ፤
ስድስት ቢጫ እጀታ ገዛሁ፣ ከነላስቲኩ፣ በዓመት ጥሪቴ።
ሰኔ ላይ የወይራው አንጓ የአንዱን ጥርስ አወለቀ፣
ነሐሴ ላይ የቀረው፣ ሳጥኑ ውስጥ እንደተኛ፣ በዝገት አለቀ።
የጎንደር ክረምት እንዲህ ነው፤ በር ሳይከፍት ይገባል፤
ጨው በዕቃው ያለቅሳል፣ ክብሪት ይለዝባል፣ ግድግዳው ያልባል።

አያ ፈረደ አልሳቀም። እጄን ያዘና ገልብጦ አየው፤
"ላብህ ጨው ይበዛዋል። ወዳጅ በጨው ይጣፍጣል፣ ብረት ግን በጨው ነው የሚለያየው።
ሥራ ስትጨርስ ቀድመህ የእሱን ላብ አብስ፣
ኑግ ዘይት ከሰም አቅልጠህ በስሱ፣ በጣም በስሱ አልብስ።
በቆዳ አትጠቅልለው፣ ቆዳ ጨው ይዞ ነው የሚደርቅ፤
ሰጋቱራ ውስጥ አትቅበረው፣ ሰጋቱራ ውሃ ነው የሚሰርቅ።
ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል። ከፍ አድርገህ ስቀለው፤
ከመሬት የሚነሳው ትንፋሽ፣ ሌሊት ነው የሚበላው።"

*

በጥቅምት፣ ከአንገረብ ማዶ፣ ወይዘሮ ባንቺይርጋ አስጠራችን፤
ባሏ ከሞተ ሦስት ክረምት። "ዕቃው ይሸጥ" አለች፣ "ጠበበ ቤታችን።"
ሳጥኑ ሲከፈት ሰባት መሮ፣ እያንዳንዱ ቀይ አፈር ለብሶ፤
አንዱን አንስቼ ልጥል ስል፣ አያ ፈረደ ክንዴን ያዘ መልሶ።
በጥፍሩ ኳ አደረገው። ዝገቱ ሥር ሆኖ ዘመረ።
"ቆዳው ነው የታመመው" አለ፣ "አጥንቱ እንደነበረ።"

መሬት ተቀምጠን፣ አመድ በሎሚ ለውሰን ፈተግን፤
ከቀዩ ሥር ጥቁሩን፣ ከጥቁሩ ሥር ነጩን ፈለግን።
ስድስቱ ጠሩ። ሰባተኛውን ሳነሳ፣ "ቆይ!" አለች፤
ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃኑ ላይ ገልበጥ አደረገች።

ጠፍጣፋው ጀርባው ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ፣
እንደ ዛፍ ቀለበት፣ ክብ በክብ፣ በዝገት የተሠራ።
አንድ ቀን፣ ላቡን ሳይጠርግ፣ ተጠርቶ ወጥቶ ይሆናል፤
ለምሳ? ለለቅሶ? እንጃ። ጨው ግን የነካውን ያስታውሳል።

"ግራ እጁ ነው" አለች፣ "ይቺ ጠባሳ መጋዝ ያወረሰችው፤"
የራሷን አውራ ጣት፣ ሳትነካው፣ አጠገቡ አስጠጋችው።
"መታወቂያው ላይ ፎቶ አለ፤ እሱን ግን አይመስልም።
ስድስቱን ውሰዱ። ይሄ አይታጠብም።"

ዝገትን እንደ ሌባ አርባ ዓመት ሲያሳድድ የኖረ፣
አያ ፈረደ፣ ግማሽ ሎሚ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ እጁን ታጠበ። ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፤
"እንዲሁ ከተውሽው ይሰፋል፣ መስመሩን ይበላዋል፣ ሌላ ክረምት ሲመጣ።"
የዶሮ ላባ ዘይት ነክሮ፣ በዝገቱ ላይ፣ መስመር በመስመር፣
ቀባላት፣ አንዲት ክብ እንኳ ሳትሰበር።

አሁን እሱ እግሩ ደክሟል። በየሰኔው እኔ እወርዳለሁ፤
በሯ ላይ ቆሜ፣ ሳልገባ፣ እጄን ሁለቴ እታጠባለሁ።